ከ«በሬን አልዘጋውም» በፊት የነበረው መዝሙር

ባለፈው ወር ከኮልፌ ወደ ዓለም ባንክ በሚሄድ ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ ከአንዲት ልጅ ጋር ተጣብቄ ተቀምጬ ነበር። ልጅቷ ስልኳን በአውራ ጣቷ ወደ ላይ እየገፋች መዝሙር ትሰማለች። ትሰማለች ማለት እንኳ ይከብደኛል፤ አንዱ ጉሮሮውን ሳይጠርግ ሌላውን ትጠራዋለች። እኔ በመስኮቱ የሚፈርሰውንና የሚገነባውን እያየሁ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር። ድንገት አንድ ዜማ ሰማሁና ክው አልኩ። ድምፁ የማላውቃት ወጣት ድምፅ ነው፤ ከበሮውም ኪቦርዱም የዘንድሮ ነው። ቃሉ ግን የኛ ነው።

«በሬን አልዘጋውም፣ አልዘጋውም በሬን፤
የሚመጣው ያውቃል ቤቴን ሰፈሬን።»

ሁለቴ እንደተባለ አውራ ጣቷ መጣና ገፋው። ሳላስበው እጇን ያዝኳት።

«የኔ ልጅ፣ እሱን መልሺው እስቲ።»

«የቱን ማዘር?»

«ያሁኑን። የበሩን።»

ደግ ልጅ ናት። ፈልጋ መለሰችው፤ ድምፁንም ጨመረችልኝ። ዘማሪቷ እዚያው ዓለም ባንክ አንድ አዳራሽ እሁድ እሁድ እንደምትዘምር ነገረችኝ። እስኪያልቅ ሰማሁትና «ከሱ በፊት ያለውንስ ታሰሚኛለሽ?» አልኳት።

«ከሱ በፊት?» ስልኳን ገለባብጣ አየችው። «ከሱ በፊት የለም እኮ ማዘር። ሲንግል ነው።»

«ሲንግል ምንድን ነው?»

«ብቻውን የወጣ ማለት ነው። አልበም የሌለው።»

ብቻውን የወጣ። ረዳቱ መውረጃዬን ሲጠራ እየሰማሁ አልወረድኩም። ሁለት ፌርማታ አልፌ ወርጄ በእግሬ ተመለስኩ።

ያኔ ኮልፌ አስፋልቱ አንድ ቀጭን መስመር ነበር፤ ግራና ቀኙ ጭቃ። ክረምት ሲገባ ኮንጎ ጫማችን ጭቃው ውስጥ ተውጦ ይቀርና በእጃችን ቆፍረን እናወጣው ነበር። ታክሲ ስሙኒ ነው፣ ቦምቦሊኖ አስር ሳንቲም። በእግራችን ሄደን በስሙኒው ቦምቦሊኖ መብላት የኛ የተማሪዎች ደንብ ነበር። አባቴ ከሆሳዕና አካባቢ በወጣትነቱ መጥቶ ገበያው ውስጥ ቅቤ ይነግዳል። ቅቤው በኮባ ተጠቅልሎ በእንቅብ ይመጣል፤ ቤታችን፣ አልጋችን፣ ደብተሬ ሳይቀር ቅቤ ቅቤ ይላል። ትምህርት ቤት ስሜ ጽጌ ሳይሆን «ቅቤዋ» ነበር። ያኔ በጠረኑ አፍር ስለነበር ቀሚሴን ሁለቴ ሦስቴ በሳሙና አሽቼ አጥበው ነበር። ዛሬ ቅቤው በፕላስቲክ ታሽጎ በሱቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲደረደር አያለሁ፤ አፍንጫዬን ባስጠጋበትም ምንም አይሸተኝም።

ገበያው መግቢያ ላይ፣ ከታክሲው ፌርማታ ፊት ለፊት፣ የጋሽ ፈለቀ ሙዚቃ ቤት ነበረ። አዲስ ካሴት የወጣ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጋሽ ፈለቀ ጥቁሩን ስፒከር በር ላይ አውጥተው ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምሮ ይለቁታል፤ አንደኛው ፊት ሲያልቅ ገልብጠው ሁለተኛውን። ሦስተኛውን ዘፈን የወደደ ሰው ሁለቱን ቆሞ መጠበቅ ነበረበት። ታክሲ የመጣለት ሰው እንኳ «ይቺ ትለቅና እሄዳለሁ» ብሎ ያሳልፋል። በሩ ላይ የሚቆሙት ልጆች የራሳቸው ዘር ነበሩ ማለት ይቻላል። አፍሯቸውን በመንሽ ማበጠሪያ አጎፍረው፣ ሸሚዛቸውን እስከ ደረታቸው ከፍተው፣ መንገዱን የሚጠርግ ቤል ቦተም ለብሰው ይውላሉ። አረማመዳቸው አንድ ነው፣ አሳሳቃቸው አንድ ነው፤ ከነሱ ያልሆነ ሰው ንግግራቸውን ግማሹን አይሰማም። እኛ ደግሞ በዚያው ፌርማታ የምናልፍ ሌሎቹ ነበርን። ሴቶቹ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ጉርድ፣ ከልባሽ ተራ የተገዛ ሰፊ ሹራብ፣ ጆሮ ያለ ጉትቻ። ወንዶቹ እስከ አንገት የተቆለፈ ሸሚዝ። ስናልፍ «ሃሌሉያ!» ይሉናል፤ አንገታችንን ደፍተን እንሄዳለን። እኛ እነሱን «የጠፉት» እንላቸዋለን፣ እነሱ እኛን «ጴንጤዎቹ»። አሁን ሳስበው ግን ሁለታችንም ያንኑ ነገር የምንጠብቅ ልጆች ነበርን። ከሆነ ቦታ አንድ ካሴት ይመጣል፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተሰምቶ፣ በቃል ተይዞ፣ እስኪያረጅ ይሰማል።

የኛ ካሴት እንደነሱ በሱቅ አይሸጥም። የጸሎት ቤቶቻችን በሮች የታሸጉበት ጊዜ ነበር፤ ያንን ነገር ሌሎች ጽፈውታል፣ እኔ አልመለስበትም። በየሰው ቤት ተሰባስበን እንጸልያለን። ስብሰባው «ሻይ» ነበር የሚባለው። «ዛሬ ሻይ አለ?» «አለ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ።» መዝሙር በሹክሹክታ መዘመርን እዚያ ነው የተማርኩት፤ እስከ ዛሬ ድምፄን ከፍ ሳደርግ የሆነ ሰው የሚቆጣኝ ይመስለኛል። ከነዚያ ልጆች መሃል እኛ ሦስታችን አንለያይም ነበር። ማርታ ግጥም ትጽፋለች፣ ትመራለች፤ እኔ ሁለተኛ ድምፅ ነኝ፤ ሉቃስ ጊታር ይመታል። ጊታሩን ከቤት ወደ ቤት ማዘዋወሩ ነበር ጭንቁ። ማርታ አንድ ቀን በጋቢ ጠቀለለችና እንደ ሕፃን አዘለችው፤ ከዚያ በኋላ በተራ እናዝለው ጀመር። አንድ ጊዜ እኔ አዝዬው ከማርታ ጋር አጠና ተራ ስደርስ አንዲት ሽማግሌ አስቆሙኝ።

«ምነው ልጄ፣ የሕፃኑ እግር ውጪ ቀርቷል እኮ። ይበርደዋል፣ ሸፍኚው።»

የጊታሩ ጫፍ ከጋቢው ሥር ወጥቶ ነበር። «እሺ እማማ» ብዬ ሳስገባው ክሩ እንግ ብሎ ጮኸ። ሽማግሌዋ ደንገጥ አሉና «ሆዱን አሞታል መሰለኝ፣ ጤና አዳም ስጪው» አሉኝ። ማርታ አጠናው ክምር ላይ ተደግፋ በሳቅ እንባዋ ወረደ። ማርታ እንደዚያ ስትስቅ ያየሁት የመጨረሻው ሳይሆን አይቀርም።

ማርታ ጴጥሮስ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበራት። ጴጥሮስ ከኛ ወገን አልነበረም፤ ከጋሽ ፈለቀ በር የማይጠፋ፣ ከሁሉም ትልቁን አፍሮ ያጎፈረ ልጅ ነው። ጓደኞቹ «ሃሌሉያ» ሲሉን እሱ «ተዉ፣ እህቴ ናት» ብሎ ይገላምጣቸዋል፤ ቤት ሲገባ ደግሞ ራሱ ይላታል። አንድ ቀን ጠዋት ቁርሱን በልቶ «ለምሳ እመጣለሁ» ብሎ ወጣ። አልመጣም። እናቱ እትዬ ዘነበች ያልሄዱበት ቢሮ፣ ያልቆሙበት በር የለም፤ የሚያውቅ አልተገኘም፤ የሚያውቅም ካለ አልተናገረም። ከዚያ በኋላ እትዬ ዘነበች የበራቸውን መቀርቀሪያ አውልቀው ጣሉት። ጎረቤት «ኧረ እትዬ ዘነበች፣ ሌባ ይገባብዎታል» ሲላቸው «ይግባ፤ ከሌባው ጋር እሱም ይገባ ይሆናል» ይላሉ። ሌባውስ እውነትም ገብቶ ድስትና ብርድ ልብስ ወሰደ። መቀርቀሪያው አልተመለሰም።

ማርታ ሁለቱን መዝሙሮች የጻፈችው በዚያ ክረምት ነው። መጀመሪያ የመጣው ይህ ነው፦

«ሳህኑን አጠብኩት፣ ከቦታው መለስኩት፤
ወንበሩን ጠረግኩት፣ ወደ በር አዞርኩት።
ያለበትን አንተ ታያለህ ከላይ፤
እኔ ግን ቀረሁኝ መንገድ መንገድ ሳይ።

ዝናቡ ሲያባራ ኮቴ ይሰማኛል፤
ስወጣ የሰው ነው፣ ጥሎኝ ያልፈኛል።
አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ ጌታ፤
በርዶት ይሆን ወይ እሱ በዚህ ማታ?»

ይህን ከዘመርን በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም እንላለን። ከዝምታው ውስጥ ማርታ ቀስ ብላ «በሬን አልዘጋውም» ትላለች፤ እኔና ሉቃስ እንከተላለን። ሁለቱን ነጣጥለን ዘምረናቸው አናውቅም።

ካሴት የመቅዳቱ ሐሳብ የሉቃስ ነው። የጊታር ክር የሚገዛው ከጋሽ ፈለቀ ስለነበረ ፈራ ተባ እያለ ነገራቸው። ጋሽ ፈለቀ መጠጥ የሚወዱ፣ ክርስትናቸው የአባት የእናታቸው የሆነ፣ ከጴንጤ ጋር ጉዳይ የሌላቸው ሰው ናቸው። ትንሽ አሰቡና «እዚህ አይሆንም፣ ሰው ያያል። ቤት አዘጋጁ፣ ቴፑን ይዤ እመጣለሁ» አሉት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ «ለናንተ አይደለም። ለጴጥሮስ ስል ነው።»

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በእትዬ ዘነበች ቤት ተሰበሰብን። የሰፈሩን ብርድ ልብስ ሁሉ ለምነን ግድግዳውና መስኮቱ ላይ ሰቀልን። ዝናቡ ግን ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ሲያባራ አንድ መዝሙር እንቀዳለን፣ ሲመለስ ተቀምጠን እንጠብቃለን። የሳህኑን መዝሙር ስንቀዳ፣ ልክ የመጀመሪያው አንጓ አልቆ ሁለተኛው ሊጀመር ሲል፣ እትዬ ዘነበች ከጥግ ተነሱ። ውጪ ኮቴ ሰምተዋል። ቴፑ እየዞረ መሆኑን ረስተው በሩን ከፈቱት፤ በሩ ሲጢጥ አለ። ማንም አልነበረም። ቆመው አዩና ተመልሰው ተቀመጡ። ማርታ አላቋረጠችም፤ ጠበቀቻቸውና ሁለተኛውን አንጓ ቀጠለች።

ሲያልቅ ጋሽ ፈለቀ ቁልፉን ጫን አሉና «እንደገና ነው። በሩ ገብቷል» አሉ።

«ይቆይ» አለች ማርታ።

«ካሴት ላይ የበር ድምፅ?»

«ይቆይ ጋሽ ፈለቀ።»

እሺ አሉ። በቅደም ተከተሉ ግን ተከራከሩን። «የበሩን መጀመሪያ አድርጉት። እኔ ስንት ዓመት ካሴት ሸጫለሁ፤ ሰው የሚይዘው መጀመሪያ የሰማውን ነው። ይሄ የሳህኑ ያስለቅሳል፤ ለቅሶ ከፊት አይደረግም።»

ማርታ ቀና ብላ አየቻቸው። «ማን እንደወጣ ሳልናገር እንዴት ብዬ ነው በሬን አልዘጋውም የምለው?»

ጋሽ ፈለቀ ካሴቱን አገላበጡት። በመጨረሻ ፈገግ ብለው «እሺ፤ ለነገሩ ዘለው ማለፍ አይችሉም። ካሴት ወደፊት ማስሮጥ ባትሪ ይጨርሳል» አሉ። እናም እንደዚያው ሆነ።

ባዶው ካሴት አምስት ብር ነበረ። ጋሽ ፈለቀ ማታ ሱቁን ዘግተው ገለበጡልን፤ ሽፋኑ ላይ ስም የለ፣ ፎቶ የለ። የአባቴ የቅቤ እንቅብ ባዶውን ወደ ሆሳዕና ሲመለስ ካሴቶቹ ከኮባው ሥር ሆነው አብረው ይሄዱ ነበር፤ እዚያ የደረሳቸው ሰዎች መዝሙሩ ቅቤ ቅቤ ይሸታል ብለው ይሆናል። ከዚያ ማን ለማን እንደገለበጠው እግዜር ይወቀው። አንድ ቀን ዘነበወርቅ አካባቢ በአንድ ልብስ ሰፊ ደጅ ሳልፍ ከውስጥ የራሴን ድምፅ ሰማሁ። ሰፊው የስፌት መኪናውን እየረገጠ አብሮ ያንጎራጉራል። ቆምኩ። «ምን ፈለግሽ እህቴ?» አለኝ። «እኔ ነኝ» ብዬ ብነግረው ደስታውን አልችለውም ነበር፤ ግን የሚባል አልነበረም። «ቁልፍ አለህ?» ብዬ ያላስፈለገኝን ቁልፍ ገዝቼ ሄድኩ።

ዘመኑ ተለወጠ፣ ጸሎት ቤቶቹ ተከፈቱ፤ የዘማሪ ፎቶ ያለበት ካሴት በአደባባይ ይሸጥ ጀመር። ከዚያ ሲዲ መጣ፣ ከዚያ በፍላሽ መገልበጥ፣ ከዚያ ስልክ። ጋሽ ፈለቀ ካረፉ በኋላ ሱቃቸው ሞባይል መጠገኛ ሆነ፤ አሁን መንገዱ ሲሰፋ እሱም ሄደ፣ የቆመበትን ቦታ እንኳ በትክክል ማሳየት አልችልም። ሉቃስ ሆሳዕና ገብቶ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል። ማርታ ግን ኮልፌ ቀረች። እትዬ ዘነበች መንገድ መንገድ እያዩ አረፉ። ማርታ ከዚያ ካሴት ሌላ አልሠራችም፤ ስጠይቃት «ያለኝን አንዱ ላይ አስቀምጬዋለሁ ጽጌ» ትለኛለች። ባሌ ከሞተና ልጄ የከተማው ሌላ ጫፍ ሰሚት ከገባ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ጋ እውል ነበር። ዕቃ እያጠብን ሁለቱን መዝሙሮች እንላቸዋለን፣ በተራቸው። እሷ ታጥባለች፣ እኔ አደርቃለሁ።

ማርታ ያረፈች ቀን ቀብሩ ላይ የሳህኑን ልዘምርላት አስቤ ነበር። መሪውን ጠጋ ብዬ ነገርኩት። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጃንጥላውን ወደኔ አዘንብሎ «እህቴ፣ ዝናቡ እየመጣ ነው፣ ሰዓትም የለንም። ሁሉ የሚያውቀውን እናድርግ» አለኝ። «በሬን አልዘጋውም» ተባለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ አፌን አልከፈትኩም።

ከታክሲው የወረድኩ ዕለት ለሉቃስ ደወልኩለት። ጆሮው ከብዷል፤ መጮህ ነበረብኝ።

«ሉቃስ! የሳህኑን መዝሙር ታስታውሳለህ?»

«የምኑን?»

«የሳህኑን! የማርታን!»

ወንበር ሲስብ ሰማሁ። ከዚያ በአፉ ጊታሩን መታልኝ፤ መግቢያውን፣ መሸጋገሪያውን፣ አንዳች ሳያጎድል። «ጣቴ ያስታውሳል» አለኝ። «ቃሉ ግን የለም ጽጌ። ቃሉ ያንቺና የሷ ነበር።» እንግዲህ ቃሉ እኔ ጋ ብቻ ነው የቀረው ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ያን ያህል ብቻዬን መሆኔን ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

እሁድ ዓለም ባንክ ሄድኩ። አዳራሹ ትልቅ ነው፤ ስፒከሩ የሰው ቁመት ያህላል። ዘማሪቷ ስትጀምር ወጣቱ በአንድ እግሩ ዘለለ። ሰባኪው ማይኩን ይዞ «የሚመጣው ምንድን ነው?» ይላል፤ «በረከት!» ይላሉ። «መኪናው በዚህ በር ይገባል! ቪዛው በዚህ በር ይገባል!» እኔ መቀርቀሪያ የሌለው የቆርቆሮ በር እያየሁ ተቀምጫለሁ። ሲያበቃ ከመድረኩ ጀርባ ፈልጌ አገኘኋት። ጓደኞቿ ኪያ ይሏታል፤ የልጅ ልጄ ልትሆን ትችላለች።

«ጌታ ይባርክሽ ልጄ። መዝሙሩ የማን ነው?»

«የድሮ መዝሙር ነው እማማ፣ ደራሲው አይታወቅም። እናቴ ወጥ ስትሠራ ትዘምረው ነበር፣ ከሷ ነው የያዝኩት።»

«ማርታ ትባላለች።»

«ማን?»

«የጻፈችው። ጓደኛዬ ነበረች።»

ወንበር አመጣችልኝ፣ እሷም ተቀመጠች። ከጴጥሮስ ጀምሬ ነገርኳት። «እኔ እኮ… በረከት መስሎኝ ነው የዘመርኩት።»

«በረከት ነው» አልኳት። «ቢመጣ ኖሮ በረከት ነበር።»

«ከሱ በፊት ያለውን ይዘምሩልኛል?»

በተደራረቡት የፕላስቲክ ወንበሮች መሃል ዘመርኩላት። ድምፄ መሃል ላይ ከዳኝ፤ ጠበቀችኝ። በስልኳ ቀዳችው። «አብረሽ ታወጪዋለሽ?» አልኳት።

«አልበም ማለትዎ ነው? አሁን አልበም ማን ይሰማል እማማ? መጀመሪያው ካልያዛቸው ያልፉታል።»

«አዎ፣ አሁንማ ባትሪ አይጨርስም።»

አልገባትም፤ ለትህትና ሳቀች። «ግን እሁድ እሞክረዋለሁ» አለችኝ።

ትሞክረዋለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። በሳምንቱ ግን መድረክ ላይ ወጥታ ለሙዚቀኞቹ በእጇ «ቆዩ» አለቻቸው። ብቻዋን «ሳህኑን አጠብኩት» ብላ ጀመረች። የተነሡት እጆች አየር ላይ ቆዩ፣ ከዚያ ወረዱ። አንዱ ማጨብጨብ ጀምሮ ተወው። ከፊቴ ያለው ልጅ ስልኩን አወጣ። ሰባኪው ሰዓቱን አየ። «መንገድ መንገድ ሳይ» ስትል ከበሮ መቺው አለቀ መስሎት ገባ፤ እሷም አየችው፣ ሕዝቡን አየች፣ ትከሻዋ ወረደ። ወደ በሩ መዝሙር አለፈች። አዳራሹ በእፎይታ ዘለለ።

ሁለተኛው አንጓ ተዘለለ። ወንበሬ ላይ ሆኜ በሹክሹክታ ላስጨርሰው አልኩ፤ እንደለመድነው። ግን ከቀኜ፣ ሁለት ሰው አልፎ፣ ቀድሞኝ የጀመረ ድምፅ ነበር። የኔ ዕድሜ የምትሆን ሴት ናት፣ ግራጫ ሻሽ አስራለች። ዓይኗን ጨፍና፣ ከበሮውን እንዳልሰማች፣ አንድ ቃል ሳታጎድል ትለዋለች። «በርዶት ይሆን ወይ እሱ በዚህ ማታ?» አለችና ከንፈሯን ነከሰች። የሰፈራችን ልጅ አይደለችም፤ ሻያችን ላይ አይቻት አላውቅም። ልደርስባት ተነሣሁ። በመሃላችን ወጣቱ ይዘላል፣ ማለፊያ የለም። ከበሮው ሲበርድ ወንበሯ ባዶ ነበር።

እስከ መንገዱ ተከትዬ ወጣሁ። የዘነበወርቅ ታክሲ ሞልቶ ሲነሣ ግራጫውን ሻሽ በመስኮቱ አየሁት። ማን እንደወጣባት ሳልጠይቃት ቀረሁ።